ኬፒ 6 ተብሎ ሰማዩ ባዶ የሆነበት ምሽት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የሰሜን ብርሃናትን፣ ብዙዎች አውሮራ የሚሉትን፣ ስለመከታተልና ስለማግኘት ከደረሱን ደብዳቤዎች ስድስቱን መርጠን መልሰናል። በደብዳቤዎቹ የሚደጋገመው ኬፒ የምድር መግነጢስ መናወጥ የሚለካበት ከ0 እስከ 9 የሚደርስ ቁጥር ነው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የምሽቱና የሌሊቱ ሰዓት ግን በእኛው ነው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኤድመንተን ነው። አፑ ዓርብ ኬፒ 6 ይሆናል ስላለን ማታ ልጆቹን ይዘን ከከተማ ወጣን፤ እስከ እኩለ ሌሊት ቆመን አንዳች ነገር ሳናይ ተመለስን። ሳምንት ሳይሞላ፣ ኬፒ 3 በተባለበት ማታ፣ ጎረቤታችን ከደጁ ሆኖ ያነሳውን አረንጓዴ ሰማይ አሳየን። የቱን እንመን?

መልስ፦ መጀመሪያ ቀኑን እንመርምር። የኬፒ ትንበያ ሰንጠረዥ የሚወጣው ዩ ቲ ሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ኤድመንተን በብርዱ ወራት ከዚያ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ሰንጠረዡ «ዓርብ 03–06» በሚለው ሳጥን 6 ቁጥር ካስቀመጠ፣ በእናንተ ከተማ ያ ሐሙስ ማታ ከ2 እስከ 5 ሰዓት ነው። ዓርብ ማታ ስትወጡ ነገሩ ካለፈ አንድ ሙሉ ቀን ሆኖታል። ስቶክሆልም ላለ ሰው ደግሞ ያው ሳጥን ዓርብ ከሌሊቱ 10 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ይሆናል። አንዳንዱ አፕ ወደ አካባቢው ሰዓት ይለውጠዋል፣ አንዳንዱ አይለውጥም። አፑን ሲጭኑ ከሁሉ አስቀድመው የሰዓቱን ምርጫ ይክፈቱና ያረጋግጡ።

ቀኑ ትክክል ቢሆንም ግን ኬፒ ብቻውን አይበቃም። ኬፒ በዓለም ዙሪያ የሚገኙ 13 ጣቢያዎች የምድር መግነጢስ ምን ያህል እንደተናወጠ የመዘገቡት ተሰብስቦ፣ ጀርመን ፖትስዳም ባለው የጂኦሳይንስ ምርምር ማዕከል በየ3 ሰዓቱ የሚወጣ፣ ከ0 እስከ 9 የሚደርስ አማካይ ነው። (ከ13ቱ አንዱ፣ ሚያኑክ የሚባለው፣ ከከተማችሁ በስተ ሰሜን ነው ያለው።) ብርሃኑ ግን 3 ሰዓት ሙሉ ሲጨፍር አያመሽም። በሰሜን በኩል ጸጥ ያለ ቀስት ሆኖ ይቆይና የታችኛው ጠርዙ ይደምቃል፤ ከዚያ በድንገት ይበታተንና 15 ወይም 20 ደቂቃ ሰማዩን ሞልቶ ይደክማል። አማካዩ 3 በሆነበት ማታ ውስጥ እንዲህ ያለ ፍንዳታ በደንብ ሊኖር ይችላል። ጎረቤታችሁ ያገኘው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የምታዩት የፀሐይ ነፋሱን፣ ማለትም ከፀሐይ የሚመጣውን የቅንጣቶች ጅረት፣ ቀጥታ ልኬት ይሁን። እንደ ኤስ ያሉ ሳተላይቶች ከምድር ወደ ፀሐይ አቅጣጫ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው ነፋሱን እኛ ጋ ሳይደርስ ይለኩታል። ልኬቱን ቦልደር፣ ኮሎራዶ የሚገኘው የአሜሪካ የጠፈር አየር ሁኔታ ትንበያ ማዕከል በድረ ገጹ በነፃ ያሳያል። ስፔስ ዌዘር ላይቭ የሚባለው የቤልጂየሞች አፕም ያንኑ በስልክ ያቀርባል። ግራፉ ላይ ብዙ መስመር አለ፤ ሦስቱን በዚህ ቅደም ተከተል ያንብቡ።

መጀመሪያ ቢ ቲ፣ የመጣው መግነጢስ ጠቅላላ ጉልበት። 5 ናኖቴስላ ከሆነ ተራ ቀን ነው፤ ከ10 ሲያልፍ ጫማ ያስደርጋል፤ 20 ከደረሰ ትልቅ ነገር አለ። ቀጥሎ ቢ ዜድ፣ ያ መግነጢስ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ማዘንበሉን የሚናገረው። ፀሐይ በሚያየው ጎኗ የምድር መግነጢስ ወደ ሰሜን ያቀና ነው። የመጣውም ወደ ሰሜን ካቀና በሩ እንደተዘጋ ይቆያል፤ ወደ ደቡብ ሲዞር፣ ማለትም ቁጥሩ ከዜሮ በታች ሲወርድ፣ ሁለቱ ይያያዙና ኃይሉ ይገባል። ኔጋቲቭ 5 ላይ ግማሽ ሰዓት ከቆየ ለእናንተ ይበቃል፤ ኔጋቲቭ 10 በጣም ጥሩ ነው። ለአምስት ደቂቃ ብቻ ወርዶ ቢመለስ አትሩጡ፤ ቁም ነገሩ መቆየቱ ነው። ቢ ዜድ ከቢ ቲ በላይ ሊወርድ ስለማይችል፣ ቢ ቲ 4 በሆነበት ማታ ኔጋቲቭ 10 መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። ሦስተኛው ፍጥነቱ ነው። በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር የተለመደ፣ ከ500 በላይ ደግሞ ፈጣን ነው።

ፍጥነቱ የመድረሻውንም ሰዓት ይሰጣችኋል። 1,500,000ን ለፍጥነቱ፣ ውጤቱን ደግሞ ለ60 ያካፍሉ። በ500 ፍጥነት 50 ደቂቃ፣ በ800 ፍጥነት 31 ደቂቃ ይመጣል። ለጠዋቱ ሥራ አስቦ እንዲሁ ሌሊቱን ከመቆም ይህቺ ሂሳብ ትሻላለች፤ ሳተላይቱ ጋ ቢ ዜድ ሲወርድ ካዩ ቡና አፍልቶ በፔርሙስ ለመያዝ እንኳ ጊዜ አለ።

የመጨረሻው ማረጋገጫ በቅርባችሁ ያለው ማግኔቶሜትር፣ የምድር መግነጢስ መለኪያው፣ ነው። የሚያኑክ ግራፍ በካናዳ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ ይገኛል። ኤክስ የሚለው መስመር ቀጥ ብሎ ቆይቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በመቶዎች ናኖቴስላ ቁልቁል ከወረደ፣ ፍንዳታው በዚያች ሰዓት ከራሳችሁ በላይ ወይም በስተ ሰሜን ተጀምሯል። ያን ጊዜ አፕ መነካካቱን ትታችሁ ውጡ። የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ አውሮራ ዎች የሚባለው አገልግሎትም ለኤድመንተን ታስቦ የተሠራ ነው፤ ቢጫና ቀይ ማስጠንቀቂያ በኢሜይል በነፃ ይልካል። ለቦታ ሩቅ አያስፈልግም፤ ኤልክ አይላንድ ብሔራዊ ፓርክ ከከተማው በስተ ምሥራቅ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጉዞ ነው፣ መብራትም ሆን ተብሎ የተቀነሰበት ነው። ፍንዳታው ሲደክም ብዙ ሰው መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል። አንድ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ሊደገም ስለሚችል፣ ቢ ዜድ አሁንም ወደ ታች ከሆነ ቆዩ።

ጥያቄ፦ ስቶክሆልም ነኝ። ኤድመንተን ያለችው እህቴ በኬፒ 3 አየሁ ትለኛለች። በካርታ ካየነው እኔ ከእሷ በብዙ ሰሜን ነኝ፤ እኔ ግን በኬፒ 4 እንኳ አላየሁም።

መልስ፦ እህትዎ ልክ ናቸው። ስቶክሆልም በ59 ዲግሪ፣ ኤድመንተን በ53 ዲግሪ ተኩል ላይ ናቸው። ብርሃኑ ግን የሚከተለው የካርታውን ሳይሆን የመግነጢሱን ዋልታ ነው፤ እሱ ደግሞ ወደ ካናዳ በኩል ያዘነበለ ነው። በመግነጢሳዊ ኬክሮስ ኤድመንተን 60 ገደማ፣ ስቶክሆልም 56 ገደማ ይሆናሉ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። በኬፒ 0 የብርሃኑ ቀለበት ደቡባዊ ጠርዝ 66.5 መግነጢሳዊ ዲግሪ ላይ ይሆናል፤ ኬፒ በአንድ ቁጥር ሲጨምር ጠርዙ 2 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ይወርዳል። ለኤድመንተን ኬፒ 3፣ ለስቶክሆልም ኬፒ 5 ማለት ከራስ በላይ ማለት ነው። ብርሃኑ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚነድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር ርቀትም በአድማስ ላይ ዝቅ ብሎ ይታያል። ስለዚህ በኬፒ 4 ሰሜኑ ወለል ያለበት ቦታ ቢቆሙ ዕድል ነበረዎት፤ ከሕንፃ መሀል ግን የለዎትም። ከከተማው ወደ ሰሜን ይውጡ፣ የከተማው ብርሃን ከጀርባዎ ይሁን። በማግኔቶሜትር በኩል የፊንላንድ ሜትሮሎጂ ተቋም የኑርሚያርቪን ጣቢያ በቀጥታ ያሳያል፤ ከእርስዎ ጋር በኬክሮስ የሚቀራረብ ስለሆነ በሰሜን ስዊድን ካለችው ከኪሩና ግራፍ ይልቅ እሱን ይመኑ። ኪሩና ስለተናወጠ ስቶክሆልም አያይም።

ጥያቄ፦ ሚኒያፖሊስ ውስጥ በሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ስልኬ በየቀኑ «ዛሬ አውሮራ!» እያለ ይቀሰቅሰኛል፣ ሁሌም ባዶ ነው። ለእውነተኛው ብቻ የሚጠራኝ መንገድ አለ?

መልስ፦ አለ። የአፑን ማስታወቂያ በሙሉ ያጥፉና ከቦልደሩ ማዕከል የኢሜይል ዝርዝር ላይ ይመዝገቡ፤ ነፃ ነው። እዚያ ሦስት ዓይነት መልእክት አለ፣ ልዩነታቸውን ማወቅ ይጠቅማል። ዎች የሚለው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን አስቀድሞ የሚመጣ ነው፤ የፈረቃ ልውውጥ ለመጠየቅ ይበቃል። ዎርኒንግ ነገሩ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ እንደሚመጣ ይናገራል። አለርት ደግሞ ልኬቱ አሁን ደርሷል ማለት ነው። እርስዎ ያሉበት ቦታ በመግነጢስ 55 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከጂ 2 ጀምሮ ያለውን ዎች፣ ከኬፒ 6 ጀምሮ ያለውን ዎርኒንግና አለርት ብቻ ይምረጡ። ጂ የመግነጢስ ማዕበል ደረጃ ነው፤ ጂ 1 ኬፒ 5 ነው፣ ጂ 5 ኬፒ 9 ነው፤ በመሀል ያሉት በተራ ናቸው።

በዎች ላይ የሚጻፈውን የመድረሻ ሰዓት እንደ አውቶቡስ ሰዓት አይውሰዱት። ከፀሐይ የፈነዳ ክምር መቼ እንደሚደርስ የሚገምቱት ሞዴሎች በአማካይ 10 ሰዓት ያህል ይስታሉ። ለማታ የተጠበቀው ቀን ላይ ደርሶ ያልቃል። ሁለተኛው ስህተት ብርታቱ ላይ ነው፤ የክምሩ መግነጢስ ወዴት እንደሚያዘነብል ሳተላይቱ ጋ እስኪደርስ አይታወቅም። በሜይ 10 ቀን 2024 ማስጠንቀቂያው ጂ 4 ነበር፣ የመጣው ግን ከ2003 ወዲህ ያልታየ ጂ 5 ሆነና ፍሎሪዳ ድረስ ታየ። በተቃራኒው ጂ 3 ተብሎ ቢ ዜድ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ያቀናባቸው ምሽቶችም ብዙ ናቸው።

አስቀድመው ዕረፍት መጠየቅ ካለብዎት ሁለት ነገር ይረዳዎታል። ከፀሐይ የኮሮና (የውጭኛው ከባቢ አየሯ) ቀዳዳ የሚወጣው ፈጣን ነፋስ ፀሐይ ስትዞር አብሮ ይዞራል፤ ዛሬ ጥሩ ምሽት ካመጣ ከ27 ቀን በኋላ ሊመለስ ይችላልና ቀን መቁጠሪያዎ ላይ ምልክት ያድርጉ። ሁለተኛው፣ ሴፕቴምበርና ማርች፣ ቀንና ሌሊት በሚስተካከሉበት ሰሞን፣ መግነጢሶቹ በቀላሉ ስለሚያያዙ ደካማ ነፋስ እንኳ የበለጠ ይሠራል።

ለቦታ፣ የሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ ይፈልጉ። ከከተማው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ በስተ ሰሜን ያለው ሚል ላክስ ሐይቅ ደቡብ ዳር ቢቆሙ ፊት ለፊትዎ ውሃ ብቻ ነው፤ አድማሱን የሚጋርድ ዛፍም የመንገድ መብራትም የለም። ከኬፒ 6 በታች የሚታየው እዚያው አድማስ ላይ ነውና ይህ ግማሹ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ በፌብሩዋሪ ከአዲስ አበባ ትሮምሶ ላለው ወንድሜ ለአራት ሌሊት እሄዳለሁ። ኬፒ ስንት የሆነበትን ሳምንት ልምረጥ?

መልስ፦ ለትሮምሶ ኬፒን ይርሱት። ከተማዋ ቀለበቱ ሥር ናት፤ 1 ወይም 2 ይበቃል። ጠላትዎ ደመና ነው። ባሕር ዳር ስለሆነች ሰማዩ ሲዘጋ ለቀናት ይዘጋል፣ ብርሃኑ ደግሞ ከደመናው በብዙ ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ጠዋት ጠዋት የኖርዌይ ሜትሮሎጂ ተቋም የሚያዘጋጀውን ዪር የሚባል አፕ ይክፈቱ። ጠቅላላውን ደመና ብቻ አይዩ፤ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ብሎ ለይቶ ያሳያል። ዝቅተኛው 80 በመቶ ከሆነ እዚያ ቆመው ሌሊቱን አያባክኑት። ከፍተኛው ስስ ደመና ብቻ ከሆነ ግን ደማቅ ብርሃን በእሱ ውስጥ ያልፋል። ትሮምሶ ተዘግቶ ሲያድር ወንድምዎ መኪና ካላቸው ወደ ውስጥ ይግቡ፤ ስኪቦትን ሸለቆ በተራሮች ስለተከለለ ዝናቡ ሳይደርስበት ይቀራል፣ ከዚያ ካለፉ የፊንላንዷ ኪልፒስያርቪ አለች። ወደ ስዊድን በኩል አቢስኮም በዚሁ ምክንያት ታዋቂ ነው፤ ከምዕራብ የሚመጣው ደመና ተራሮቹ ላይ ዝናቡንና በረዶውን ጥሎ ሲያልፍ ሰማዩ ይከፈታል።

ውስጥ ያለው ብርድ ከባሕር ዳሩ ጋር አይወዳደርም፤ ትሮምሶ ኔጋቲቭ 4 ሲሆን ኪልፒስያርቪ ከኔጋቲቭ 20 ሊወርድ ይችላል። ጫማ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ይሁን፤ ጠባብ ጫማ ውስጥ ሁለት ካልሲ ደም ያቆማል፣ ይበልጥ ያበርዳል። ጥጥ የውስጥ ልብስ ላብ ይዞ ስለሚቀር ሱፍ ይልበሱ። ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ያለውን ነፃ ያድርጉ። ሙሉ ጨረቃ ሜዳውን ያሳምርልዎታል፣ ደካማውን ብርሃን ግን ያጠፋል።

ጥያቄ፦ ከካልጋሪ። ጥሩ ካሜራ ገዝቻለሁ፤ ፎቶዎቼ ግን ወይ ደብዛዛ ናቸው፣ ወይ መሀላቸው ላይ እንደ ዒላማ ያሉ ክቦች ይታያሉ። ከቤት ስገባ ደግሞ ሌንሱ ውሃ ይለብሳል።

መልስ፦ ክቦቹ የፊልተር ሥራ ናቸው። የብርሃኑ አረንጓዴ ከኦክስጅን የሚወጣ አንድ ጠባብ ሞገድ ነው፣ 557.7 ናኖሜትር። ያ ሞገድ ሌንሱን እንዲጠብቅ በሚደረገው ጠፍጣፋ መስታወት ሁለት ፊቶች መካከል ሲመላለስ ክብ ክብ ይሠራል። ማንኛውንም ፊልተር ፈትተው ያውጡ፤ በኮምፒዩተር የሚወገድ ጥፋት አይደለም።

ድብዛዜው ከፎከስ ነው። ካሜራው በጨለማ ራሱን ማስተካከል አይችልም፤ ሌንሱ ላይ ያለው የወሰን የለሽ ምልክትም በብዙ ሌንሶች ላይ ትክክለኛ ቦታው ላይ አይደለም። ወደ ማኑዋል ይቀይሩ፣ ደማቅ ኮከብ ስክሪኑ ላይ ያምጡ፣ 10 ጊዜ ያጉሉት። ቀለበቱን ቀስ እያደረጉ ሲያዞሩ ኮከቡ ከኳስ ወደ ነጥብ ይጠባል፣ ካለፉት እንደገና ይሰፋል። በጣም ባነሰበት ቦታ ያቁሙና ቀለበቱን በወረቀት ፕላስተር ይለጥፉት፤ በጓንት እጅ ሳያውቁት ይነካልና። የምስል ማረጋጊያውንም ያጥፉ፤ ትራይፖድ ላይ ሆኖ ራሱ ያናውጠዋል።

መነሻ ቁጥሮች፦ ከ14 እስከ 24 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ኤፍ 2.8፣ አይ ኤስ ኦ 1600፣ 8 ሰከንድ፣ የነጭ ሚዛን 3,800 ኬልቪን፣ በሁለት ሰከንድ ታይመር፣ በሮው ፋይል። ብርሃኑ መሮጥ ሲጀምር ሰከንዱን ወደ 2 ያውርዱና አይ ኤስ ኦውን ወደ 3200 ያውጡ። በ8 ሰከንድ የተነሳ የሚጨፍር ብርሃን መጋረጃው ሁሉ ተቀላቅሎ አረንጓዴ ጭጋግ ይመስላል፤ ብዙ ሰው ይህን ደግሞ የፎከስ ችግር ይለዋል። በአይፎን ከሆነ ስልኩን መቆሚያ ላይ ያድርጉት፤ ናይት ሞዱ እስከ 30 ሰከንድ የሚከፈተው ያኔ ነው።

ውሃው የሚመጣው የክፍሉ ሞቃት እርጥበት በቀዘቀዘው መስታወት ላይ ስለሚጤዝ ነው። ገና ውጭ ሳሉ ካሜራውን ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ከረጢት ከተው ይዝጉ፣ ቤት ሲገቡ ሁለት ሰዓት ሳይከፍቱ ይተዉት። ጤዛው ከረጢቱ ላይ ይቀራል። ፎቶዎቹን ለማየት ከቸኮሉ ካርዱን ውጭ ሆነው ያውጡ። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም ትርፉን በውስጥ ኪስ፣ ሰውነትዎ አጠገብ ይያዙ፤ ከዜሮ በታች የቀዘቀዘን ባትሪ ግን ሳይሞቅ ቻርጅ አያድርጉ፣ ይበላሻል።

ከካሜራው የሚገኝ አንድ ሌላ ጥቅም አለ። ዓይናችን በጨለማ ቀለም በደንብ አይለይምና ደካማ አውሮራ እንደ ነጣ ያለ ደመና ነው የሚታየው። ደመና ይሁን ብርሃን ከተጠራጠሩ አንድ ፎቶ ያንሱ፤ አረንጓዴ ከወጣ አግኝተውታል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እዚህ ሊታይ ይችላል? ካልታየስ መከታተል እችላለሁ?

መልስ፦ አይታይም። ከፀሐይ የሚመጡት ቅንጣቶች የመግነጢስ መስመሮችን ተከትለው ነው ወደ አየር የሚገቡት። በዋልታዎቹ አካባቢ መስመሮቹ ቁልቁል ይወርዳሉ፤ እኛ ጋ ግን የመግነጢስ ወገብ በአገራችን ስለሚያልፍ መስመሮቹ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆነው ይተኛሉ፣ የሚያወርድ መንገድ የለም። በጎረቤት የተመዘገበው እጅግ ብርቅ ነገር የፌብሩዋሪ 4 ቀን 1872 ማዕበል ነው፤ ያኔ ቀይ ሰማይ ካርቱም ድረስ ታይቷል።

ያለህበት ከተማ ግን ለዚህ ሳይንስ ባዳ አይደለችም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የምድርን መግነጢስ ሲመዘግብ የኖረ ነው። ቀን ቀን ከአንተ በላይ 100 ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ በመግነጢስ ወገብ ላይ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል፣ ኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጀት ይባላል፤ ሰሜን ላይ ብርሃን የሚያነደው ማዕበል እሱንም ያናውጠዋል። ኢንተርማግኔት በሚባለው የጣቢያዎች መረብ ገጽ ላይ የአዲስ አበባ መለያ ኤ ኤ ኢ ነው። ትልቅ ማዕበል በተነገረበት ቀን በኤክስ መስመር ላይ ድንገተኛ ዝላይ ፈልግ፤ ክምሩ ምድርን የመታበት ቅጽበት እሱ ነው።

ብርሃኑን በዓይንህ ለማየት ደግሞ ከቸርችል፣ ማኒቶባ በቀጥታ የሚተላለፈውን ካሜራ ክፈት። እዚያ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ ማለት ነው። አጠገቡ የቢ ዜድን ግራፍ ክፈትና ቁጥሩ ወደ ታች ሲወርድ ሰዓቱን ጻፍ፣ ከዚያ 1,500,000ን ለፍጥነቱ፣ ውጤቱን ደግሞ ለ60 አካፍለህ ቀስቱ መቼ እንደሚደምቅ ገምት።